ታይፕስክሪፕት ያልሰጣቸው ክላሶች

የታይፕስክሪፕት ቋንቋ አዘጋጆች ምን ለመሥራት እንዳሰቡ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይሠሩም በጽሑፍ አስቀምጠዋል። ከማይሠሯቸው ነገሮች አንዱ ፕሮግራሙ በሚሮጥበት ጊዜ የሚያገለግል ተጨማሪ ላይብረሪ ማቅረብ ነው። ቋንቋው ያለውን ላይብረሪ በታይፕ ይገልጻል እንጂ የራሱን አይጨምርም። አጭር ነጥብ ናት፤ ብዙው አንባቢ ሳያስተውላት ያልፋል። ውጤቷን ግን በታይፕስክሪፕት የተጻፈ ማንኛውንም ትልቅ ፕሮጀክት የከፈተ ሰው ያገኘዋል። "ዩቲልስ" ወይም "ኮመን" በተባለ ፎልደር ውስጥ ስብስብ የሚያስተዳድሩና ኢቨንት የሚያሠራጩ፣ በየቤቱ የተጻፉ፣ ወንድማማች የሚመስሉ ረዳት ክላሶች ተደርድረው ይታያሉ።

ስብስብ የምለው አሬይን፣ ማፕን፣ ሰትንና በነሱ ላይ የሚገነባውን ሁሉ ነው። ኢቨንት የምለው ደግሞ አንድ ነገር ሲሆን አስቀድመው የተመዘገቡ አድማጮች እንዲጠሩ የሚያደርገውን ሥርዓት ነው። እዚህ የምከተለው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ቋንቋው እነዚህን ለምን አልሰጠም? ጥያቄውን የሚያከብደው የቋንቋው ዋና ነዳፊ ማንነት ነው። አንደርስ ሃይልስበርግ ከታይፕስክሪፕት በፊት ሁለት ጊዜ ኢቨንትን የፕሮግራም አጻጻፍ እምብርት ያደረገ ሰው ነበር። በሦስተኛው ግን እጁን ሰበሰበ። መልሱን ለማግኘት ወደ 1995 መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 14 ቦርላንድ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ዴልፊን አወጣ። ዋና አርክቴክቱ ሃይልስበርግ ነበር። በዴልፊ አንድ በተን ሲጫን ምን እንደሚደረግ የሚወሰነው በራሱ በበተኑ ንብረት ላይ ነው፤ ፕሮግራመሩ "ኦን ክሊክ" በሚባለው ንብረት የራሱን ፕሮሲጀር ያስቀምጣል። ንብረቱ ታይፕ ስላለው ቅርጹ የማይገጥም ፕሮሲጀር ኮምፓይለሩን አያልፍም። ጉድለቱ ለአንድ ኢቨንት አንድ ተጠሪ ብቻ መኖሩ ነበር፤ ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ይወጣል። በስብስብ በኩል ደግሞ ዴልፊ "ቲ ሊስት" የሚባል ክላስ ነበረው፤ የሚይዘው ግን ታይፕ የሌለው ፖይንተር ነው። ያስገቡት ምን እንደነበረ የሚያስታውሰው ፕሮግራመሩ ራሱ ነበር።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በሜይ 1995፣ ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ቢሮ ተቀምጦ ኋላ ጃቫስክሪፕት የተባለውን ቋንቋ የመጀመሪያ ቅርጽ በአሥር ቀን ሠራ። አሥር ቀኑ ከመጠን በላይ ተወርቶለታል። ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ጃቫስክሪፕት አሬይ የሚፈጥር ኮንስትራክተር አልነበረውም። ማንኛውም ኦብጀክት በቁጥር ሊጠራ ስለሚችል እንደ አሬይ ማገልገል ይችላል ተብሎ ታልፏል። የኔትስኬፕ የራሱ መመሪያ፣ አሬይ ለሚፈልግ ሰው "ሜክ አሬይ" የተባለች ፈንክሽን እንዴት እንደሚጽፍ ያስተምር ነበር። ስለዚህ በዚህ ቋንቋ ታሪክ የመጀመሪያው የስብስብ ረዳት የተጻፈው በቋንቋው ባለቤት መመሪያ ውስጥ ነው። ባለቤቱ የጎደለውን እንደሚያውቅ፣ መሙላቱን ግን ለተጠቃሚው እንደተወ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሰነድ አላውቅም። እውነተኛው አሬይ የመጣው በኦገስት 1996 ከኔትስኬፕ 3 ጋር ነው።

ኢቨንቱ ግን ከመጀመሪያው ነበረ። "ኦንክሊክ" እና "ኦንሎድ" ቋንቋው ለሕዝብ ሲቀርብ አብረው የወጡ ናቸው። እንደ ዴልፊው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አንድ ተጠሪ ብቻ ይቀመጥ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች አንዱ ከሌላው የተቀዱ አይደሉም፤ ዘመኑ የሰጣቸው መልክ ነው።

ሃይልስበርግ በ1996 ወደ ማይክሮሶፍት ተሻገረ። እዚያ መጀመሪያ የሠራው የማይክሮሶፍቱ የጃቫ መሣሪያ በሆነው ጄ ፕላስ ፕላስ ላይ ሲሆን፣ በዚያም "ዴሊጌት" የሚባል አዲስ ታይፕ ወደ ጃቫ አስገባ። ዴሊጌት አንድን ሜተድ ከባለቤቱ ኦብጀክት ጋር አጣምሮ የሚይዝ፣ ታይፕ ያለው ማጣቀሻ ነው። የጃቫ ባለቤት ሰን ማይክሮሲስተምስ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ ጃቫ ለዚህ ሥራ የውስጥ ክላስ ስላላት ዴሊጌት አያስፈልጋትም የሚል ጽሑፍም አወጣ። ሰን በኦክቶበር 1997 በማይክሮሶፍት ላይ የመሠረተው ክስ መነሻው ሰፋ ያለ የውልና የተኳኋኝነት ጉዳይ ነበር፤ በጃንዋሪ 2001 ማይክሮሶፍት 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ተዘጋ። ዴሊጌት ግን በሲ ሻርፕ ውስጥ ቤት አገኘ።

በ2000 በይፋ የተዋወቀው ሲ ሻርፕ "ኢቨንት" የሚለውን ቃል የቋንቋው ቁልፍ ቃል አደረገው። አሁን አንድ ኢቨንት ብዙ አድማጭ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ሥልጣን ተከፋፈለ፤ ከክላሱ ውጭ ያለ ኮድ መመዝገብና መሰረዝ ብቻ ይችላል፣ ኢቨንቱን የማሰማት መብት ያለው ባለቤቱ ክላስ ነው። ይህን ክፍፍል አንባቢ ልብ ይበል፤ በታይፕስክሪፕት ዘመን በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል።

የስብስብ ነገር ግን በመጀመሪያው ሲ ሻርፕ ገና ጥሬ ነበር። ጄኔሪክስ ስላልነበረ "አሬይ ሊስት" የሚይዘው ማንኛውንም ኦብጀክት ነው። ቁጥር ብቻ ወይም ደንበኛ ብቻ የሚቀበል ስብስብ የፈለገ ቡድን "ኮሌክሽን ቤዝ" ከተባለው ክላስ ወርሶ፣ ማስገቢያውንና ማውጫውን በእጁ እየጻፈ ለየታይፑ አንድ ረዳት ክላስ ይሠራ ነበር። በማይክሮሶፍት የካምብሪጅ የምርምር ማዕከል ዶን ሳይምና አንድሩ ኬኔዲ የጄኔሪክስን ንድፍ በ2001 አሳተሙ፤ በኖቬምበር 2005 ከሲ ሻርፕ 2 ጋር ወጣ። ከዚያ በኋላ እነዚያ በእጅ የተጻፉ የስብስብ ክላሶች አላስፈላጊ ሆኑ። በእኔ ንባብ የሃይልስበርግን ኋለኛ ውሳኔ ለመረዳት ከሁሉ የሚበልጠው ፍንጭ ይህ ነው። ታይፕ ሲሠለጥን ረዳት ክላስ እንደሚቀንስ በገዛ ቋንቋው አይቶታል።

በዚህ መካከል ድሩ የራሱን መንገድ ይሄድ ነበር። ኔትስኬፕ 4 ኢቨንትን ከገጹ ጫፍ ወደ ተጫነው ነገር ቁልቁል ያወርዳል፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከተጫነው ነገር ሽቅብ ያወጣል። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ሦስት ሲ በኖቬምበር 2000 ባጸደቀው የኢቨንት ደረጃ ሁለቱን አስታረቀ፤ ኢቨንቱ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወጣል። አድማጭ የሚመዘገብበት "አድ ኢቨንት ሊስነር" የተባለው ሜተድም ከዚያ ወጣ። ኤክስፕሎረር ግን የራሱን "አታች ኢቨንት" ይዞ ቆየ፤ ደረጃውን የተቀበለው በ2011 በዘጠነኛው እትሙ ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ፣ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሁለቱን የሚያስማማ አንድ መካከለኛ ፈንክሽን ያስፈልገው ነበር። በዚያ ላይ ኤክስፕሎረር 6 የታወቀ ሕመም ነበረበት፤ የገጹ አካል አድማጩን ሲይዝ፣ አድማጩም መልሶ የገጹን አካል ሲይዝ ክብ ይፈጠራል፣ የተያዘውም ሚሞሪ ብራውዘሩ እስኪዘጋ አይለቀቅም። አድማጭን መመዝገብ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ መሰረዝም ግዴታ መሆኑን ፕሮግራመሮች የተማሩት ከዚህ ነው። በኋላ የምናያቸው ክላሶች ግማሽ ሥራቸው ይኸው ነው።

ከ2005 ጀምሮ ላይብረሪዎቹ ጎረፉ። ሳም ስቲቨንሰን ለሩቢ ኦን ሬይልስ የሠራው ፕሮቶታይፕ የሩቢን የስብስብ ስሞች፣ "ኮሌክት"፣ "ዲቴክት"፣ "ኢንጀክት" የሚሉትን፣ ወደ ጃቫስክሪፕት አመጣ። ሩቢ ራሷ እነዚህን የወረሰችው በ1970ዎቹ በዜሮክስ ፓርክ ከተወለደው ስሞልቶክ ነበር። ጃቫስክሪፕትን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ፣ ቲሲ 39፣ ግን የፋየርፎክስን ሠሪ የሞዚላን መንገድ ተከተለ፤ ፋየርፎክስ 1.5 በኖቬምበር 2005 ያስገባቸው "ማፕ"፣ "ፊልተር" እና "ፎር ኢች" በዲሴምበር 2009 የቋንቋው ይፋዊ ደረጃ በሆነው በኤክማስክሪፕት አምስተኛ እትም ገቡ።

ፕሮቶታይፕ የሠራው አንድ ነገር ለብዙ ዓመት ጣጣ ሆነ። አዲሶቹን ሜተዶች በራሱ ክላስ ውስጥ አላስቀመጠም፤ የቋንቋው ንብረት በሆነው በአሬይ ላይ ጻፋቸው። ቫለሪዮ ፕሮየቲ በ2006 ያወጣው ሙቱልስም በዚሁ ሄደ። ሙቱልስ ያለ ጥርጥር የተዋበ ሥራ ነበር። ማንኛውም ክላስ ተውሶ አድማጭ የሚመዘግብበት፣ የሚሰርዝበትና ኢቨንት የሚያሰማበት "ኢቨንትስ" የተባለ ረዳት ክላስ ነበረው፤ ዛሬ በታይፕስክሪፕት የሚጻፉት አብዛኞቹ ከሱ ብዙም አይለዩም። በአሬይ ላይ ደግሞ "ኮንቴይንስ" እና "ፍላተን" የሚሉ ሜተዶች ጨመረ። ያኔ ማንም አልተቆጣም፤ ቋንቋው የሌለውን ነው የጨመረው።

ዕዳው የተጠየቀው ኋላ ነው። ቲሲ 39 አንድ አሬይ አንድን ነገር መያዝ አለመያዙን የሚመልስ ሜተድ "ኮንቴይንስ" ብሎ ለማስገባት ሲነሣ፣ በሙቱልስ የተሠሩ ገጾች ተሰበሩ። ስሙ "ኢንክሉድስ" ተባለና በ2016 ገባ። ሁለተኛው በማርች 2018 መጣ፤ ፋየርፎክስ በሙከራ እትሙ "ፍላተን" የተባለውን አዲስ ሜተድ ለቀቀ፣ አንድ የታወቀ ገጽም መሥራት አቆመ። የብልሽቱ አሠራር ለታሪክ ጸሐፊ ደስ የሚል ነው። ሙቱልስ ሲነሣ የራሱን "ፍላተን" በአሬይ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ በአሬይ ላይ ያሉትን ሜተዶች አንድ በአንድ እየዞረ የገጽ አካላት ወደሚሰበሰቡበት "ኤለመንትስ" ወደተባለው ክላሱ ይገለብጣል። ዙሩ የሚያየው ግን ለቆጠራ የተከፈቱ ንብረቶችን ብቻ ነው። ቋንቋው "ፍላተን" በማያውቅበት ዘመን አዲስ የተጻፈው ለቆጠራ ክፍት ሆኖ ይፈጠራል፣ ይገለበጣልም። ብራውዘሩ ራሱ ካመጣው ግን ንብረቱ አስቀድሞ ለቆጠራ ዝግ ነው፤ ሙቱልስ በላዩ ቢጽፍም ዝግነቱ አይለወጥም፣ ዙሩም አያየውም። ስለዚህ "ኤለመንትስ" "ፍላተን" ሳይኖረው ይቀራል፤ የጠራው ገጽም ይወድቃል።

ከሐሳቡ አቅራቢዎች አንዱ ማይክል ፊካራ በቀልድ ስሙን "ስሙሽ" እንበለው የሚል የለውጥ ጥያቄ አቀረበ። ቀልድ መሆኑን ያልተረዳው ብዙ ስለነበር ጉዳዩ በኢንተርኔት ላይ ከሚገባው በላይ ጮኸ፤ አሮጌ ገጾች ይሰበሩ ያሉም አልጠፉም። ኮሚቴው በሜይ 2018 ስሙን "ፍላት" አደረገው። የተሰበረውን ገጽ ባለቤት ፈልጎ አስተካክል ማለት ለምን አልተቻለም ለሚል፣ መልሱ የድሩ ሕግ ነው፤ ትናንት የሠራ ገጽ ዛሬም መሥራት አለበት። ገጹን የሠራው ሰው ሥራውን ትቶ ሊሆን ይችላል፣ የሚጠቀምበት ሕዝብ ግን አለ። ኮሚቴው በዚህ ትክክል ነበር እላለሁ። በቅርቡም አሬይን በቡድን የሚከፍለው "ግሩፕ ባይ" በአሮጌ የሹገር ላይብረሪ እትሞች ምክንያት ከአሬይ ላይ ተነሥቶ፣ በኦብጀክትና በማፕ ላይ የሚጠራ ፈንክሽን ሆኖ በ2024 ገብቷል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ዘር ነበር፤ የቋንቋውን ንብረት ሳይነካ የራሱን ክላስ የሚያቆም። ጀረሚ አሽኬናስ በ2009 አንደርስኮርን፣ በ2010 ደግሞ ባክቦንን አወጣ። በባክቦን ስብስብና ኢቨንት በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። የባክቦን "ኮሌክሽን" አንድ ነገር ሲጨመርበት ወይም ሲወጣበት ራሱ ኢቨንት ያሰማል፣ ገጹም ሰምቶ ይታደሳል። በማይክሮሶፍት ሠፈር በ2006 የወጣው "ኦብዘርቨብል ኮሌክሽን" ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር። የባክቦን ተጠቃሚዎች ብዙም ሳይቆዩ የድሮውን ሕመም በአዲስ መልክ አገኙት፤ ከገጹ የተነሣ ክፍል ስሙ ከስብስቡ አድማጮች መዝገብ ካልተሰረዘ በማይታይበት ሆኖ መሥራቱን ይቀጥላል። በ2012 መጨረሻ የተጨመረው "ሊስን ቱ" የተባለ ሜተድ መዝገቡን ወደ አድማጩ ወገን አዞረው፤ አድማጩ ማንን እንደሚያዳምጥ ራሱ ይይዛል፣ ሲሄድም ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ይሰርዛል።

በሰርቨር በኩል ራየን ዳል በኖቬምበር 2009 በርሊን ላይ ያስተዋወቀው ኖድ "ኢቨንት ኤሚተር" የተባለውን ክላስ መሠረቱ አደረገ። ሁለት ጠባዮቹ ይታወቃሉ። "ኤረር" የተባለ ኢቨንት ሰሚ አድማጭ ከሌለው ፕሮግራሙን ይጥላል፤ በአንድ ኢቨንት ላይ ከ10 በላይ አድማጭ ከተመዘገበ ደግሞ ሚሞሪ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ብዙ ያልተነገረለት ሦስተኛ ጠባይም አለው። የአድማጮች መዝገብ ራሱ ስብስብ ነው፤ ታዲያ መዝገቡ እየተነበበ ሳለ አንዱ አድማጭ ሌላውን ቢሰርዝስ? ኖድ ማሰማት ከመጀመሩ በፊት መዝገቡን ስለሚገለብጥ የተሰረዘውም በዚያ ዙር ይጠራል። የብራውዘሩ ደረጃ ግን የተሰረዘውን አይጠራም። ሁለቱ ጃቫስክሪፕቶች በዚህ አይስማሙም። የራሱን ረዳት ክላስ የሚጽፍ ሰው አውቆም ሆነ ሳያውቅ ከሁለቱ አንዱን መርጧል።

ታይፕስክሪፕት በኦክቶበር 1 ቀን 2012 ሲታወጅ ያገኘው ዓለም ይህ ነው። ላይብረሪ ሞልቷል፤ አንዳንዱም የቋንቋውን እጅ አስሯል። ስድስተኛው የኤክማስክሪፕት እትም፣ ማፕንና ሰትን የሚያመጣው፣ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። በዚህ ላይ የማይክሮሶፍት ስም ያለበት አንድ ተጨማሪ ላይብረሪ ቢወረወር ምን እንደሚከተል መገመት አይከብድም። የቀረበው 0.8 የተባለ እትም ጄኔሪክስ እንኳ አልነበረውም፤ የአሬይን ይዘት በታይፕ መግለጽ ይቻል ነበር፣ ተጠቃሚው የራሱን ጄኔሪክ ስብስብ መጻፍ ግን አይችልም። በ2013 አጋማሽ ከ0.9 ጋር ጄኔሪክስ መጣ፤ ከሲ ሻርፕ በጣም በፈጠነ ጊዜ። የስብስብ ጉዳይ በዚህ በአብዛኛው ተዘጋ።

ኢቨንቱ ግን አስቸገረ። በጃቫስክሪፕት ኢቨንት የሚጠራው በስም፣ በተራ የፊደል ሕብረቁምፊ ነው፤ "ክሊክ" ሲባል አድማጩ የመዳፊት መረጃ ይቀበላል፣ "ኪዳውን" ሲባል የቁልፍ ሰሌዳ። አንዱ ሜተድ እንደ ስሙ የተለያየ ታይፕ አለው። መጀመሪያ መፍትሔው ጉልበት ነበር፤ ከቋንቋው ጋር በሚመጣው የብራውዘር መግለጫ ፋይል ውስጥ ለየኢቨንቱ ስም አንድ አንድ መስመር ይጻፍ ነበር፣ ለየገጹ አካልም እንደገና ይደገም ነበር። በዲሴምበር 2016 የወጣው 2.1 ይህን ለወጠው። "ኪ ኦፍ" የተባለው ምልክት የአንድን ታይፕ ንብረቶች ስም ራሱን ታይፕ ያደርገዋል። እንግዲህ ፕሮግራመሩ አንድ ሰንጠረዥ ይጽፋል፤ በግራ የኢቨንቱ ስም፣ በቀኝ አብሮት የሚላከው መረጃ። መመዝገቢያው ሜተድ ስሙን ከግራው ይቀበላል፣ አድማጩ ምን እንደሚቀበል ከቀኙ ያነባል። ስሙን የተሳሳተ፣ ወይም ያልተላከ መረጃ የጠበቀ ኮድ ከመሮጡ በፊት ይያዛል። ሰንጠረዡ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲተረጎም ይጠፋል፤ አንዲት ፊደል እንኳ አትቀርም። የዚያች አጭር ነጥብ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የሠራው በዚህ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በየፕሮጀክቱ የሚገኘው ታይፕ ያለው ኤሚተር፣ ከኋላው የቆመው ኮድ ሃያና ሠላሳ መስመር ቢሆን ነው፤ ክብደቱ ሁሉ በሰንጠረዡ ላይ ነው።

በዚህ ቋንቋ የተጻፈው ትልቁ የአደባባይ ሥራ ግን ሰንጠረዡን አልመረጠም። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በኤፕሪል 2015 ለሙከራ ቀረበ፣ በኖቬምበር ኮዱ ለሕዝብ ተከፈተ። ቡድኑን ከዙሪክ የመራው ኤሪክ ጋማ ነው፤ በ1994 ዲዛይን ፓተርንስ የተባለውን መጽሐፍ ከጻፉት አራቱ አንዱ። "ኦብዘርቨር" የተባለውን የአድማጭና የተደማጭ አሠራር ስም ሰጥተው ያስፋፉት እነሱ ናቸው። የዚህ ሰው ቡድን ኢቨንትን እንዴት ሠራው ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በተከፈተው ኮድ ውስጥ አለ።

እዚያ ኢቨንት በስም አይጠራም። ለየኢቨንቱ አንድ "ኤሚተር" የተባለ ክላስ ይፈጠራል፤ ይህ ለባለቤቱ የግል ነው። ለውጭ የሚሰጠው "ኢቨንት" የተባለው ፊት ብቻ ነው፤ እሱም አድማጭ የሚቀበል ፈንክሽን ነው። ውጭ ያለው መስማት ይችላል፣ ማሰማት አይችልም። ሲ ሻርፕ በቁልፍ ቃል የሠራውን ክፍፍል ይህ ኮድ በተራ ክላስና በጄኔሪክ ታይፕ ሠራው። ስም ስለሌለ የስም ሰንጠረዥም አላስፈለገም። ማስታወሻ የሚሆነው የንብረቱ ስም ነው፤ የሆነውን የሚናገር "ኦን ዲድ"፣ ሊሆን ያለውን የሚናገር "ኦን ዊል" ብሎ ይጀምራል። ለዚህ ኤዲተር ኤክስቴንሽን የጻፈ ሁሉ ያውቃቸዋል።

መሰረዝም በዚሁ ተፈታ። የመመዝገቢያው ፈንክሽን የሚመልሰው "ዲስፖዝ" የሚባል አንድ ሜተድ ያለው ኦብጀክት ነው፤ ሲጠራ አድማጩ ይወጣል። እነዚህ ኦብጀክቶች ሲበዙ የሚከማቹበት "ዲስፖዘብል ስቶር" የተባለ ክላስ አለ፤ ስቶሩ ሲዘጋ ያለው ሁሉ ይዘጋል። ስብስብ ነው፣ የሚሰበስበው ግን የስንብት ደብዳቤ ነው። ከኤክስፕሎረር 6 ጀምሮ ሲጎተት ለመጣው ችግር ካየኋቸው መልሶች ይህ ንጹሑ ይመስለኛል። ኤሚተሩ አድማጭ ከልክ በላይ ሲበዛበት የሚያመለክት መቆጣጠሪያም አለው፤ የኖድ ማስጠንቀቂያ ታላቅ ወንድም።

ሁለቱን ነገሮች ከሥሩ አንድ ለማድረግ የሞከረም ነበር። በማይክሮሶፍት ይሠራ የነበረው ኤሪክ ማይየር ስብስብና ኢቨንት የአንድ ነገር ሁለት ገጾች ናቸው ብሎ ተነሣ፤ ከስብስብ ፕሮግራመሩ ቀጣዩን ይጠይቃል፣ ከኢቨንት ቀጣዩ ሳይጠየቅ ይመጣል። ስለዚህ በስብስብ ላይ የሚሠሩት "ማፕ" እና "ፊልተር" በኢቨንት ጅረት ላይም መሥራት አለባቸው። ሐሳቡ በ2009 አርኤክስ ተብሎ በዶት ኔት ወጣ፣ በ2010 ወደ ጃቫስክሪፕት ተሻገረ፤ አምስተኛው የጃቫስክሪፕት እትሙ በታይፕስክሪፕት እንደገና ተጻፈ። ጎግል በ2016 ያወጣው ሁለተኛው አንጉላርም በሱ ላይ ቆመ። በ2015 የአርኤክስ የኢቨንት ጅረት ታይፕ "ኦብዘርቨብል" የጃቫስክሪፕት አካል ይሁን ተብሎ ለቲሲ 39 ቀረበ፤ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንደቆመ ቀረ። ሐሳቡ ያምራል፣ ነገር ግን አንድ በተን ሲጫን ለመስማት ብቻ የመጣ ሰው ላይ የሚጭነው ትምህርት ከባድ ነው።

ታዲያ ውሳኔው ትክክል ነበር? በስብስብ በኩል መዝገቡ ለታይፕስክሪፕት ቡድን ይመሰክራል። ቋንቋው ቀስ እያለ ሞላ፤ ማፕና ሰት በ2015 ገቡ፣ ሁለት ሰቶችን የሚያጣምሩና የሚያመሳክሩ ሜተዶች በ2025 እትም ተጨመሩ፣ ታይፕስክሪፕትም የራሱ ተፎካካሪ ክላስ ስላልነበረው ሁሉንም ያለ ጠብ ተቀበለ። የቀረ ቀዳዳ አለ። ማፕ ቁልፍ የሚያመሳክረው በማንነት እንጂ በይዘት አይደለም፤ ይዘታቸው አንድ የሆነ ሁለት ኦብጀክቶች ሁለት ቁልፍ ናቸው። ለዚህ ነው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የፋይል አድራሻን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ቁልፍ የሚያደርግ "ሪሶርስ ማፕ" የተባለ የራሱ ክላስ ያለው። በይዘት የሚመሳከሩ ኦብጀክቶችን ያመጣ የነበረው "ሪከርድና ተፕል" የተባለው ሐሳብ በ2025 ከቲሲ 39 ተነሥቷል፤ ስለዚህ ያ ዓይነቱ ረዳት ክላስ ገና ብዙ ይቆያል።

በኢቨንት በኩል ፍርዴ ሌላ ነው። በኦገስት 2023 የወጣው ታይፕስክሪፕት 5.2 "ዩዚንግ" የተባለውን ቃልና "ዲስፖዘብል ስታክ" የተባለውን ክላስ ታይፕ ሰጥቶ ተቀብሏል፤ የመሰረዙ ግማሽ ስለዚህ ወደ ቋንቋው እየገባ ነው። የመመዝገቡና የማሰማቱ ግማሽ ግን ባለቤት የለውም። "ኢቨንት ታርጌት" የብራውዘሩ ደረጃ ንብረት ነው፣ "ኢቨንት ኤሚተር" የኖድ ነው፣ ሌላው ሁሉ የየፕሮጀክቱ ነው። የጃቫስክሪፕት ሕግ የሆነው ኤክማ 262 ከመጀመሪያው የ1997 እትም እስከ 2025ቱ ድረስ ፕሮግራመር አድማጭ መዝግቦ ኢቨንት የሚያሰማበት አንድም ክላስ የለውም።